«ለመምህሩ» የተባለው ካርቶን

በአውቶቡስ ዕቃ የላከ ሰው ወጉን ያውቀዋል። ካርቶኑ በፕላስተር ይታሸጋል፣ በሲባጎ መስቀለኛ ይታሰራል። ላኪው ጎህ ሳይቀድ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ይደርስና ረዳቱን ከጫኝና አውራጁ ግርግር ለይቶ በእጁ ጥቂት ብር ያስጨብጠዋል። ታርጋውን ይጽፋል፤ የረዳቱን መልክ፣ የኮፍያውን ቀለም ልብ ይላል። ከዚያ ለተቀባዩ ይደውላል፦ «ስምንት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ቁም፤ ረዳቱ ቀይ ኮፍያ አድርጓል።» ደረሰኝ የለም፣ ፊርማ የለም። ያለችው «አደራ» የምትል ቃል ናት። የሠርግ ልብስ፣ የሕመምተኛ መድኃኒት፣ የዲግሪ ወረቀት፣ የእናት ድርቆሽ በዚህች ቃል ተይዞ ጎጃምን ዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ ኖሯል።

እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ፣ እፈራዋለሁም። እወደዋለሁ፤ የማላውቀው ሰው የማላውቀውን ሰው ዕቃ ተሸክሞ ሦስትና አራት መቶ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከማየት የበለጠ ስለ አገሬ ሰው የሚነግረኝ ነገር ጥቂት ነው። የምፈራው ደግሞ መገጣጠሚያውን ነው። ዕቃ ከዐባይ በረሃ ቁልቁለት ይልቅ የሚጠፋው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ በሚያልፍባት ቅጽበት ነው። ይህን የተማርሁት በመጋቢት 1999 ዓ.ም. ነው፤ ትምህርቱም ሦስት ቀን ሙሉ ከፍኖተ ሰላም እስከ ሊበን አንከራትቶኛል።

በዚያ ዓመት ፍኖተ ሰላም አስተምር ነበር። አባቴ በሰሜን አቸፈር፣ ሊበን ከተማ ዳር ይኖሩ ነበር። ንባብና ዜማ ያስተማሩ፣ ቅኔም የቀመሱ ሰው ነበሩና አገሩ ሁሉ የኔታ እያለ ነበር የሚጠራቸው። እኛ ልጆቻቸው ሳንቀር የኔታ ነበር የምንላቸው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይናቸው ፊደል መለየት አቅቶት ነበር። ዳዊቱን በቃላቸው ይወጡታል፣ ውዳሴ ማርያሙንም እንዲሁ፤ ግብረ ሕማማቱን ግን ማን በቃሉ ይወጣዋል? የዚያ ዓመት ትንሣኤ መጋቢት 30 ቀን ይውል ስለነበር ሰሙነ ሕማማት መጋቢት 24 ይገባል። በቀደመው ዓመት መጽሐፉ ፊታቸው ተዘርግቶ ማንበብ አቅቷቸው ሌላ ካህን እንዲተካቸው አድርገው ነበር። ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከማንም ጋር አልተነጋገሩም፤ ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት።

አዲስ አበባ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ጥር ላይ ወስዳ አስመረመረቻቸው፣ የመነጽሩንም ልክ አስወሰደች። መነጽሩ እስኪሠራ ግን የኔታ አልጠብቅም አሉ፤ ከተማው አልተስማማቸውም። ስለዚህ ሲደርስ ተልኮላቸው ይሄድ ዘንድ ተስማማን። ፍኖተ ሰላም ላይ እኔ እቀበላለሁ፣ ከእኔ ወደ ዱርቤቴ የሚሄድ መኪና ይረከባል፣ ከዱርቤቴ ወደ ሊበን ሰው አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ሲነገር ቀላል ነበር።

ለምን በፖስታ አልላከችም የሚል ይኖራል። ፖስታችን ዕድሜው ረጅም ነው፤ ዐፄ ምኒልክ ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን በ1901 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ በፊት ደብዳቤ የሚሄደው በመልእክተኛ እግር ነበር። መልእክተኛው ወረቀቱን በእጁ ላብ እንዳያበላሽ በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ ይይዘዋል፤ ዘንጉን ያየ ሁሉ የትልቅ ሰው ቃል እንደሚሄድ ያውቅና መንገድ ይለቅለታል። ነገር ግን ያን ጊዜ ፖስታችን ከሳጥን እስከ ሳጥን ነበር። ቤት ድረስ የሚያመጣ አልነበረም። በገጠር ያለ ሰው ሳጥን አልነበረውምና ደብዳቤው በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ሳጥን ቁጥር ይመጣ ነበር፤ ከዚያ «የእገሌ ነው፣ ወደዚያ የሚሄድ ማን አለ?» ይባልና ቅብብሎሹ እንደገና በሰው እጅ ይጀምር ነበር። ያው መጨረሻው ሰው ነው። እኅቴም ሕማማቱ እየደረሰ ነውና በአውቶቡሱ ይሂድ አለች።

ሐሙስ መጋቢት 13 ቀን ማለዳ መነጽሩን ከነቤቱ በጥጥ ጠቀለለችው። ግማሽ ኪሎ ቡና፣ ትንሽ ዕጣን፣ አንድ ደብዳቤ ጨመረችበትና በሻይ ቅጠል ካርቶን አሸገችው። በላዩ ላይ በወፍራም ማርከር «ለመምህሩ» ብላ ጻፈች። ይኸው ነው። ከተማውን አልጻፈችም፣ ምክንያቱም ለረዳቱ በአፏ ነግራዋለች፦ «ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሲደርሱ አንድ መምህር ይቀበልዎታል።» ረዳቱም «ችግር የለም እቴ» አለ። እውነት ችግር አልነበረም፣ እርሱ እስካልረሳ ድረስ።

ያን ጊዜ ሞባይል የያዘ ሰው በእኛ ሰፈር ጥቂት ነው። የያዘውም ቢሆን ቁጥር ጽፎ መላክ አይችልም፤ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ ገና አልተከፈተም። እኅቴ የጎረቤታችን የቤት ስልክ ላይ ደወለች። መስመሩ ይንጫጫል። ታርጋውን አንድ አንድ ቁጥር እያደረገች ነገረችኝ፣ እኔም በትምህርት ዕቅዴ ጀርባ ጻፍሁት። የመጨረሻው ቁጥር ሦስት ይሁን ስድስት አልለየሁትም። ደግመሽ ንገሪኝ ስላት መስመሩ ተቆረጠ። ሦስትና ስድስት በስልክ ውስጥ እንዴት እንደሚመሳሰሉ ያየ ያውቀዋል።

ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም 387 ኪሎ ሜትር ነው። በጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የተነሣ አውቶቡስ ዐባይን ይወርዳል፣ በአሮጌው ድልድይ ይሻገራል፤ በጃፓን ርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ገና አልተመረቀም። ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ አማኑኤልን፣ ደምበጫን፣ ጅጋን አልፎ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። እኔ የጠዋቱን ፈረቃ ጨርሼ ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ቆምሁ። አንዱ አውቶቡስ ሲገባ የብርቱካንና የማንጎ ሻጮቹ ልጆች መስኮቱ ሥር ይጎርፋሉ፣ እኔም ከእነርሱ ጋር እሮጣለሁ፤ ታርጋ አያለሁ፣ ቀይ ኮፍያ እፈልጋለሁ። የለም። እንደገና ጥላ ሥር እቆማለሁ።

ከተማዋ የድሮ ስሟ ወጀት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ገብተው፣ ቡሬንም ጣልያን ለቆ ሲሸሽ፣ በዚህ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ አለፉ፤ ያን ጊዜ ነው ፍኖተ ሰላም የተባለችው። የሰላም መንገድ ማለት ነው። ያን ቀን ከሰዓት ስሙን ሳስበው ከሰላሙ ይልቅ መንገድ የሚለው ቃል ነበር የሚከብደኝ። ከተማዋ ራሷ በመንገድ ስም ተጠርታ፣ እኔ አንድ ዕቃ ከመንገድ ላይ ማውጣት አቅቶኝ ቆሜአለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተራ አስከባሪው አዘነልኝ። «መምህር፣ ቲኬት ቢሮው ውስጥ አንድ ካርቶን አለ፤ ያንተ እንዳይሆን» አለኝ። ሮጬ ገባሁ። እውነትም ጥግ ላይ ካርቶን ተቀምጧል፣ በላዩም «ለመምህሩ» የሚል ተጽፎበታል። ልቤ ዘለለ። ጎንበስ ብዬ ሳነሣው ግን በቀላሉ አልነሣ አለኝ፤ ከባድ ነው፣ በድንጋይ የተሞላ ይመስላል። ጽሕፈቱም የእኅቴ አይደለም። «የኔ አይደለም» አልሁና ትቼው ወጣሁ።

እዚህ ላይ ልቁም። በእነዚያ ሦስት ቀናት ከሠራሁት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህች ናት። ዕቃው የእኔ እንዳልሆነ ዐወቅሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ካርቶኑን ገልበጥ አድርጌ አላየሁትም። እኔ እዚያ በር ላይ ቆሜ የምለምነው የማያውቀኝ ሰው ስለ ዕቃዬ እንዲያስብልኝ ነበር፤ የሌላው ሰው አደራ እግሬ ሥር ወድቆ ሳገኘው ግን ተሻግሬው ሄድሁ።

ዓርብ ጠዋት ሌላ ረዳት ነገሩን ፈታልኝ። ያ አውቶቡስ ፍኖተ ሰላም የሚወርድ ተሳፋሪ ስላልነበረው መናኸሪያ ሳይገባ በአስፋልቱ አልፏል። ረዳቱ ቡሬ ሲደርስ ካርቶኑ ትዝ አለው፤ ወደ ኋላ መመለስ አይችል፣ መናኸሪያው አጠገብ ላለች ሻይ ቤት ሰጥቶ «መምህር መጥቶ ይጠይቃል» ብሎ መንገዱን ወደ ባሕር ዳር ቀጠለ። አልፈርድበትም። ሠላሳ ዕቃ የያዘ ሰው ነው፤ ሠላሳውም በቃል ነው የተነገረው።

ክፍለ ጊዜዬን እንደጨረስሁ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ወደ ቡሬ ሄድሁ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉ ማንኩሳ አለች። በማንኩሳ ስናልፍ መስኮት ዳር ነበርሁ፤ ዝናብ ያልነካው አቧራ፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አየሁ። መነጽሩ በዚያች ሰዓት ማንኩሳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ አልፌው ሄድሁ።

ቡሬ ስገባ የበርበሬው ሽታ ተቀበለኝ። የዚያ አገር በርበሬ ስሙ የተጠራ ነው፤ ከነቀምት የሚመጣውም መንገድ እዚያ ስለሚገናኝ መናኸሪያው ሁልጊዜ ጭነት አያጣም። ሻይ ቤቷን ቶሎ አገኘኋት። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ገና «እናቴ፣ ትናንት አንድ ካርቶን...» ስላቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«የመምህሩ? ወስዶታልኮ! ትናንት ማታ መጥቶ ወሰደው።»

«መምህሩ እኔ ነኝ።»

«እርሱም መምህሩ እኔ ነኝ ነው ያለኝ። ወይ ጉዴ! ልጄ፣ የማንኩሳው መምህር ነው፤ ሌባ እንዳይመስልህ፣ የማውቀው ልጅ ነው። ከደብረ ማርቆስ መጽሐፍ ይመጣልኛል ሲለኝ ሰንብቶ ነበር።»

ሻይ ቀዱልኝ፤ ሒሳብ አልቀበልም አሉ። በመሸ ጊዜ ወደ ማንኩሳ የሚሄድ መኪና አልነበረምና ቡሬ አደርሁ። አልጋ ቤቱ ውስጥ ተኝቼ «ከባድ ካርቶን» እያልሁ አስብ ነበር። መጽሐፍ። በድንጋይ የተሞላ የመሰለኝ መጽሐፍ ነበር። የሰውየው ካርቶን ፍኖተ ሰላም ቀርቷል፣ የእኔው ቡሬ አልፏል፤ ሁለቱም ላይ ያለው አንድ ቃል ነው። ጎጃም ውስጥ «ለመምህሩ» ብሎ መላክ «ለሰውየው» ብሎ ከመላክ በምን ይለያል?

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ወደ ማንኩሳ የሚመለስ መኪና ያዝሁ። ማንኩሳ ማለት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ከልቡ የሚያውቃት ከተማ ናት፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ በዛብህ የተወለደው እዚያ ነው። እኔ መጽሐፉን ተማሪ ሳለሁ አንብቤዋለሁ፤ በዚያ ማለዳ ግን ያሰብሁት ስለ በዛብህ አልነበረም። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጠይቄ የመምህሩን ቤት አገኘሁ። አከራዩ ሴትዮ እንጀራ እየጋገሩ ነበር። «ኧረ ገና አሁን ወጣ! ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። የማን አባት መነጽር ነው የወሰድሁት እያለ። በመጀመሪያው መኪና ወደ ቡሬ ሄደ» አሉኝ።

እኔ ከቡሬ ወደ ማንኩሳ፣ እርሱ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ። አስፋልቱ ላይ ተላልፈናል።

ወደ ቡሬ ስመለስ ሴትየዋ ከደጃፋቸው ላይ ነበር የተቀበሉኝ። «ልጄ፣ ደግሞ አመለጠህ!» መምህሩ ዕቃውን ይዞ መጥቶ እኔ ወደ እርሱ መሄዴን ሲሰማ ራሱን ይዞ ነበር አሉ። ግን ቁጭ ብሎ አልጠበቀኝም፣ እኔም ደግ አደረገ እላለሁ። ካርቶኑን የከፈተው መጽሐፉን መስሎት ነው። ያገኘው መነጽርና ፖስታ ነው። ደብዳቤውን አላነበበም፤ የፖስታው ጀርባ ላይ ግን «ይድረስ ለክቡር አባታችን» ብሎ የአባቴን ስምና ሊበን የሚለውን አይቷል። ሕማማት ሊገባ ነው፣ ቄስ ናቸው፣ መነጽር ነው። ላኪውን ከመፈለግ ተቀባዩን መፈለግ ይሻላል ብሎ ወሰነ። በዚያች ሰዓት አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና እህል ሊጭን ባዶውን ወደ ዱርቤቴ ይሄድ ነበር፤ ለሾፌሩ ሰጠው።

ነገር ግን ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር አድርጓል። ከቦርሳው የፈተና ወረቀት አውጥቶ በጀርባው በኩል ካርቶኑ ላይ ለጠፈበትና እንዲህ ጻፈ፦ «ይህ ዕቃ በስሕተት እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። ባለቤቱ ሊበን የሚኖሩ የኔታ ናቸው። የሚረከብ ሁሉ ስሙንና ለማን እንዳስረከበ ይጻፍ።» የራሱን ስም ከነትምህርት ቤቱ አሰፈረ። ሴትየዋ እኔም ይዤው ነበር፣ የእኔም ይጻፍ አሉ፤ መጻፍ ስለማይችሉ እርሱ ጻፈላቸው፣ እርሳቸውም በርበሬ በነካው አውራ ጣታቸው አተሙበት። ሾፌሩ ሦስተኛ ፈረመ፣ ታርጋውንም ጨመረ።

እኔ ወይ ወደ ፍኖተ ሰላም ልመለስ፣ ወይ ዕቃውን ልከተል። የገንዘብ ቦርሳዬን ቆጠርሁና ተከተልሁት። በጥሊሊ፣ በኮሶበር፣ በዳንግላ አድርጎ የሚሄድ ሌላ ቅጥቅጥ አገኘሁ። ጥሊሊ ላይ ጎማ ፈነዳ፣ መለዋወጫውም ጎማ ንፋስ አልነበረውም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል በመንገድ ዳር ቆየን። ስለዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል የምለው የለኝም፤ ብርድ ነበር። ዱርቤቴ ስደርስ ጀንበር ጠልቃ ነበር።

ኤፍኤስአሩ እህል የሚጭንበትን መጋዘን ጠይቄ ሄድሁ። ነጋዴው ሒሳብ ይሠራ ነበር። ስለ መነጽር ስጀምር እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«የየኔታን መነጽር ነው? አንተ ማን ነህ?»

«ልጃቸው ነኝ።»

«እኔን እኮ ንባብ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው!» ብሎ ተነሣ። «ከሰዓት ነው የሄደው። ወደዚያ የሚሄድ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ለእርሱ ሰጠሁት። ና ግባ፣ በዚህ ሰዓት የትም አትሄድም፣ እደር።»

የቆሎ ተማሪ ሲል ልቤ ዐረፈ። ይህን ለማስረዳት ጎጃም መወለድ ሳያስፈልግ አይቀርም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እየተባለ በየደብሩ ቅኔ ፍለጋ የሚሄደው ተማሪ በዚህ አገር ከፖስታም ከአውቶቡስም በፊት የነበረ መልእክተኛ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በእግሩ ይሄዳል። የመምህሩን ሰላምታ ለሌላው መምህር፣ የእናትን ቃል ለልጇ ያደርሳል። ምንም የለውም፤ ነገር ግን አደራ በልቷል ተብሎ ሲወራበት አልሰማሁም። በየደረሰበት መንደር «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ የሚያድር ሰው ስሙ አንድ ቀን ቢጎድፍ የሚያሳድረው አያገኝም።

እሑድ ሊበን ስደርስ ከቅዳሴ ሰው ወጥቶ ነበር። የኔታ ዋንዛው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ነው። ጉልበታቸው ላይ ያለው ግን ግብረ ሕማማት አልነበረም፤ ያ የፈተና ወረቀት ነበር። ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያስኬዱ ስሞቹን ያነቡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አጥርተው አዩ መሰለኝ።

«አንተ ልጅ ከሳህ» አሉ።

ያንን ዓመት ግብረ ሕማማቱን ራሳቸው አነበቡ። እኔ አልነበርሁም፤ ሰኞ ትምህርት አለብኝ ብዬ በዚያው ዕለት ተመለስሁ። እናቴ በስልክ ነገረችኝ። ድምፃቸው እስከ ደጀ ሰላሙ ይሰማ ነበር አለች።

ወረቀቱ ላይ አምስት መስመር አለ። የማንኩሳው መምህር፣ የቡሬዋ እናት አውራ ጣት፣ ሾፌሩ፣ ነጋዴው ከነማኅተሙ። አምስተኛው መስመር ላይ ስም የለም። በቀጭን የቁም ጽሕፈት ሁለት የግእዝ ቃል ብቻ አለ፦ «ተመጠውኩ ወአብጻሕኩ»፤ ተቀበልሁ፣ አደረስሁም ማለት ነው። የኔታ ተማሪውን ማን እንደሆነ ጠይቀውት ነበር። ውኃ ጠጥቶ፣ ቡራኬ ተቀብሎ፣ ስሙን ሳይናገር ወደ ይስማላ አቅጣጫ መንገዱን ቀጠለ።

ሰኞ ጠዋት ፍኖተ ሰላም እንደገባሁ ከትምህርት በፊት ቲኬት ቢሮው ሄድሁ። ከባዱ ካርቶን እዚያው ጥግ ላይ ነበር። ገለበጥሁት። ከሥሩ፣ መሬት በሚነካው በኩል፣ «ማንኩሳ» የሚል ተጽፏል። አራት ቀን ሙሉ እዚያ ተደፍቶ ኖሯል። ማክሰኞ ከሰዓት በትከሻዬ ተሸክሜ ወሰድሁለት። ያ መምህር ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መጻሕፍቱ ለራሱ አልነበሩም፤ ደብረ ማርቆስ ያለ ወንድሙ ለተማሪዎቹ ያሰባሰበለት ያገለገሉ መማሪያ መጻሕፍት ናቸው። ሐሙስ ማታ ካርቶኑን ባየሁ ጊዜ ገልብጬው ቢሆን ኖሮ መጻሕፍቱ በነጋታው ልጆቹ እጅ ይገቡ ነበር፤ እርሱም ያን ሌሊት እንቅልፍ አያጣም፣ እኔም ማንኩሳ ላይ እወርድ ነበር። ይህን ነገርሁት፣ ይቅርታም ጠየቅሁት። «ተወው መምህር፣ እኔም ሳላነብ ነው የከፈትሁት» አለኝ። ዛሬም ወዳጆች ነን።

አሁን ጊዜው ተለውጧል። እረኛው ሳይቀር ስልክ ይዟል። አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያደርሱ ወጣቶች ሞልተዋል፤ ዕቃው የት እንደደረሰ በስልክ መስታወት ላይ ይታያል። ወደ እኛ አገር ሲመጣ ግን ሥራው አሁንም የረዳቱ፣ የሻይ ቤቷና የነጋዴው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ ዕቃ የያዘ ሰው እንኳን ማስረከብ፣ መድረሱን የሚነግርበት አጥቶ የከረመበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ጊዜ ሁሉ መድኃኒት በኪሱ ይዞ በእግሩ የሄደ፣ ስሙን ያልጻፈ ስንት ሰው ይኖራል።

እባካችሁ፣ ዕቃ ስትልኩ ለረዳቱ በአፍ በነገራችሁት አትተማመኑ። የተቀባዩን ስም ከነአባቱ፣ የሚወርድበትን ከተማ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚቀጥል፣ የሁለታችሁንም ስልክ ጻፉበት፤ በአንድ ጎን ሳይሆን በሁሉም ጎን ጻፉ። ዕቃው ውስጥም ይህንኑ የያዘ ብጣሽ ወረቀት ክተቱ፣ ላዩ ቢላጥ ውስጡ ይናገራል። መናኸሪያ ጥግ ላይ የእናንተ ያልሆነ ካርቶን ስታዩ ደግሞ ገልብጡት።

አባቴ በ2008 ዓ.ም. አረፉ። መነጽሩና ወረቀቱ እናቴ ዘንድ፣ በዚያው የሻይ ቅጠል ካርቶን ውስጥ ናቸው። አንተ በመጋቢት 1999 ዓ.ም. ከዱርቤቴ ወደ ሊበን ያን ካርቶን በደበሎህ ሥር ይዘህ የሄድህ ተማሪ፣ ዛሬ የኔታ ተብለህ ይሆናል። ይህን ካነበብህ በሊበን ስታልፍ ጎራ በል፤ የየኔታን ቤት ብትጠይቅ ማንም ያሳይሃል። እናቴ ስምህን ማወቅ ትፈልጋለች።